ከሲንኩ የወረደው ቅባት የት ይደርሳል?

የፋሲካ ማግስት ነው። አቃቂ በሰቃ ካሉት የኮንዶሚኒየም ኩሽናዎች በአንዱ የዶሮ ወጥ ድስት ሲንክ ውስጥ ተቀምጧል። በጠርዙ ዙሪያ ቅቤው ረግቶ ቢጫ ቀለበት ሠርቷል፤ ከታች የበርበሬና የሽንኩርት ዝቃጭ ተጋግሯል። ላርጎ ጠብ ይደረግበታል፤ ከማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ይጨመርበታል። ቀለበቱ ይሟሟል፣ ቀዩ ውሃ እየተሽከረከረ ይወርዳል፣ ድስቱም ሲንኩም ይጸዳሉ። ጥቂት ሰንብቶ ግን ያው ሲንክ ጉር ጉር እያለ ውሃውን በግድ መዋጥ ይጀምራል።

የቤቱ ሰዎች ሰነፎች አይደሉም። ጎረቤትም ዘመድም የሚመክረውን ሁሉ አድርገዋል። ስህተቱ ያለው ምክሩ ላይ ነው።

ከምክሮቹ ሁሉ ሥር የሰደደው የፈላ ውሃ ነው፤ “ድፊበት፣ ጠራርጎ ይወስደዋል” ይባላል። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል፤ የበሬ ሞራ ደግሞ 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 100 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይሞላ በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያም ቢሆን ቅባትን ለማቅለጥ ይተርፋል፤ ስለዚህ ሲንኩ ላይ የሚታየው ነገር እውነት ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዓይን ከተሰወረ በኋላ ነው። ውሃው በቀዝቃዛው ቱቦ ውስጥ ጥቂት ሜትሮች እንደተጓዘ ሙቀቱን ያጣል፤ የቀለጠው ቅባት ከቱቦው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ መልሶ ይረጋል። የሚቀጥለው ድስት ሲታጠብ ሌላ ሽፋን ይጨመርበታል። ቅባቱ ከሲንኩ ሥር ካለውና እጅ ሊደርስበት ይችል ከነበረው ሲፎን ተነሥቶ፣ ያለ ባለሙያ ወደማይደረስበት ቦታ ተዛወረ ማለት ነው። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የፍሳሽ ቱቦዎች ፒቪሲ ናቸው፤ የፈላ ውሃ በተደፋባቸው ቁጥር መጋጠሚያቸው እየላላ ሊሄድ ይችላል።

ላርጎስ? ላርጎ ሥራውን ይሠራል፤ የማይችለው ግን ይጠበቅበታል። የሳሙና ቅንጣት አንዱ ጫፉ ውሃን፣ ሌላው ጫፉ ቅባትን ይይዛል። በዚህ ጠባዩ ቅባቱን በትንንሽ ጠብታዎች በታትኖ ከሣህኑ ያላቅቀዋል። መበታተን ግን ማጥፋት አይደለም። ወደ ቱቦው ወርዶ በብዙ ውሃ ሲቀጥንና ሲቀዘቅዝ ጠብታዎቹ ዳግመኛ ይሰባሰባሉ። ሣህን ላይ የቀረውን ስስ ወዝ ለማስለቀቅ ላርጎ በቂ ነው፤ አንድ ጭልፋ ዘይት ለመሸኘት ግን ግማሽ ጠርሙስ ቢደፋም ዋጋ የለውም።

“ቅቤና ሞራ ነው የሚደፍነው፣ ዘይት ፈሳሽ ስለሆነ አይዘጋም” የሚሉም አሉ። ይህን ለማስተባበል ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሕዝቡ ራሱ “የሚረጋ ዘይት” ብሎ የሰየመው የፓልም ዘይት በብዙ ቤት መደርደሪያ ላይ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ጀሪካኑን ያነሣ ሰው ያውቀዋል፦ ማታ ፈሳሽ የነበረው ዘይት ጠዋት ነጭ ሆኖ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ፀሐይ ላይ ካልተቀመጠ አይቀዳም። ጀሪካን ውስጥ እንዲህ የሆነ ዘይት ቀዝቃዛ ቱቦ ውስጥ ከዚያ የተለየ ነገር አያደርግም። ጨርሶ የማይረጋው የኑግ ወይም የሱፍ ዘይትም ነጻ አይደለም። ፍሳሽ ውስጥ ሲቆይ ወደ ስብ አሲድ ይፈራርሳል፤ ያ አሲድ ውሃው ውስጥ ካለውና ከሲሚንቶ ቱቦ ከሚፋቀው ካልሲየም ጋር ተዋሕዶ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ሳሙና መሰል ነገር ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2017 በለንደን ዋይትቻፕል ሰፈር ከመሬት በታች የተገኘው የቅባት ክምር 250 ሜትር ርዝመትና 130 ቶን ክብደት ነበረው። ሠራተኞች ለሳምንታት በአካፋና በኃይለኛ ውሃ ሲፈረካክሱት ከርመዋል፤ ቁራጩም በሚቀጥለው ዓመት በከተማዋ ሙዚየም ለእይታ ቀርቧል።

አዲስ የረጋ ቅባት ብቻውን ሲሆን ለስላሳ ነው፤ ቶሎ የሚያጠነክረው አብሮት የሚገባው ነው። የቡና አተላ ቱቦ ያጸዳል የሚለው እምነት እዚህ ላይ ጉዳት ያመጣል። አተላው አይሟሟም፤ የረጋ ቅባት ባገኘበት ሁሉ እየተለጠፈ፣ ጭቃ ላይ እንደተነሰነሰ ገለባ፣ ሽፋኑን ያጠነክረዋል። ከሊጥ ማቡኪያ የሚታጠብ ሊጥና ሲንክ ውስጥ የሚጣል ፍርፋሪም እንዲሁ ነው።

አደገኛው ግን ኮስቲክ ሶዳ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ቅባትን ወደ ሳሙና መለወጡ እውነት ነው፤ ሳሙና የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። ሆኖም በግምት ተጨምሮ፣ በተደፈነ ቱቦ ውስጥ ከቆመ ውሃ ጋር ሲገናኝ በኃይል ይሞቃል፣ ይፈናጠቃል፤ ዓይን ላይ ከተረጨ ሊያሳውር ይችላል። ግማሹ ቅባት ሳሙና ሆኖ እዚያው ከደደረም መደፈኑ ይብሳል። አልሙኒየም ድስት ካገኘ ይበላዋል፤ ተቀጣጣይ የሆነውን ሃይድሮጂንም ያወጣል። አንዱ አልሠራ ሲል በላዩ ላይ አሲድና በረኪና አከታትሎ መድፋት ደግሞ ሕይወትን የሚያሰጋ ነገር ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሳንባን የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ኩሽናዎቹ ደግሞ ጠባብ ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ እምነቶች ሥር አንድ ሌላ እምነት አለ፦ ከቤት የወጣ ነገር አለቀለት የሚል። በገላን፣ በቂሊንጦ ወይም በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ይህ ስህተት መሆኑን ቶሎ ይረዳል። ከላይ እስከ ታች የተደራረቡት ኩሽናዎች የሚፈሱት ወደ አንድ የቁልቁል ቱቦ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ የተደፋ ዘይት ታች መታጠፊያው ላይ ሲረጋ፣ የሌላ ሰው እጣቢ በምድር ቤቱ ነዋሪ ሲንክ ይወጣል። ያልደፋውን የሚቀዳው እሱ ነው።

ከሕንፃው ወጥቶስ? አዲስ አበባ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከሚደርሰው ከእንጦጦ ጀምራ ወደ ደቡብ ታዘቀዝቃለች፤ የቁልቁለቱ መጨረሻ አቃቂ ቃሊቲ ነው። መስመር ውስጥ የገባው ፍሳሽ አብዛኛው ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ ይወርዳል። ቀድሞ በቀን 7 ሺህ 500 ሜትር ኩብ ገደማ በኩሬ ያጣራ የነበረው ይህ ጣቢያ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ተስፋፍቶ አቅሙ 100 ሺህ ሜትር ኩብ ደርሷል። ሥራው ያለ አየር በሚኖሩ ባክቴሪያዎች ላይ የተመሠረተ ነው፤ ብዙ ቅባት ሲመጣ ከላይ አረፋ ሆኖ ይንሳፈፋል፣ ባክቴሪያዎቹንም ሸፍኖ ሥራቸውን ያዳክማል። ከመስመሩ ጋር ያልተገናኙ ቤቶች ሴፕቲክ ታንክ አላቸው፤ እዚያም ቅባቱ ከላይ ወፍራም ሽፋን ሠርቶ መውጫውን ሲደፍን መምጠጫ መኪና ከጊዜው በፊት ይጠራል። ቦይ ውስጥ የሚደፋው ደግሞ ወደ አቃቂ ወንዞች ይገባል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የሚገናኙት በአባ ሳሙኤል ግድብ ሐይቅ ነው፤ በውሃ ላይ የሚዘረጋ ስስ ዘይት ከአየር የሚገባውን ኦክስጅን ይቀንሳል። ላይኛው ከተማ ያለ ኩሽና የሸኘውን የሚቀበለው አቃቂ ቃሊቲ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ሲንክ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ያሳዝናል።

መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ግማሹም በየቤቱ የታወቀ ነው። ድስትን በእንጀራ ጠርጎ መብላት፣ ልጆች የሚሻሙበት ያ የድስት ጥራጊ፣ ከየትኛውም የቱቦ መድኃኒት የበለጠ ቅባት ከፍሳሽ ያስቀራል። ሊበላ የማይችለውን በሶፍት ወይም በአሮጌ ጋዜጣ መጥረግ ነው፤ እናቶች ድስት በአመድ ሲፈትጉ የኖሩትም አመድ ቅባቱን ስለሚመጥላቸው ነበር። ከመጥበሻ የተረፈው ዘይት ቀዝቅዞ ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ውስጥ ይገባል፤ ጣሳው ሲሞላ ክዳን ተደርጎለት ለደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይሰጣል። ሲንኩ ቀዳዳ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ወንፊት ፍርፋሪውን ይይዛል። በቀን ብዙ ድስት የሚያነሡ ምግብና ሥጋ ቤቶች ግን ጣሳ አይበቃቸውም፤ ከሲንካቸው በታች የቅባት ማጥመጃ ሳጥን ያስፈልጋቸዋል። ውሃው ሳጥኑ ውስጥ ሲያርፍ፣ ከውሃ የሚቀለው ቅባት ላይ ይንሳፈፋል፣ ውሃው ከሥር ይወጣል። በየጊዜው ካልተጠረገ ግን ሳጥኑ ራሱ ይሞላና ቅባቱ አልፎ ይሄዳል።

አልፎ አልፎ ሲፎኑን መክፈትም ይገባል። ከሥሩ ባልዲ ይቀመጣል፤ ጓንት ይደረጋል፤ የፕላስቲክ ሲፎን ቀለበት ብዙ ጊዜ በእጅ ይፈታል። መጀመሪያ ጥቁር ውሃ ይወርዳል፤ ከዚያ ሽታው ይመጣል። ጣት ሲገባ በግድግዳው ላይ ግራጫ፣ እንደ ሻማ የሚቆረስ ነገር ያገኛል፤ ከውስጡ ሩዝ፣ የቡና አተላና የቃሪያ ፍሬ ይታያል። ያ ተፍቆ የሚገባው ባልዲው ውስጥ፣ ከዚያም የቆሻሻ ፌስታል ውስጥ ነው፤ ሽንት ቤት ከተደፋ ያንኑ ቱቦ ከታች ያገኘዋል። ላስቲኩ እንዳይጣመም ተደርጎ ሲፎኑ መልሶ ይገጠማል፤ ቧንቧው ተከፍቶ መጋጠሚያው በደረቅ ሶፍት ይነካል፤ ሶፍቱ ካልራሰ ባልዲው ይነሣል።