የማይታየው ውስጠኛ ጎማ

መንገዱ ሰላም ሲሆን ከብት ጭኖ ከመተማ በገዳሪፍ አድርጎ እስከ ካርቱም ለሚዘልቅ መኪና ክፉው ነገር የኋላ ጥንድ ጎማ ነው። ውስጠኛው ቢተነፍስ ውጨኛው ደግፎት ስለሚቆም በዓይን አይለይም። ሸክሙ ግን አንዱ ላይ ያርፋል፤ ግሎም ይፈነዳል። በሬ ደግሞ እንደ ሰሊጥ ጆንያ ጸጥ ብሎ አይጫንም።

የጎማ አየር መቆጣጠሪያ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቸርኬው ላይ በተገጠመ ባለባትሪ ሴንሰር አየሩን ለክቶ በሬዲዮ ሞገድ ለሾፌሩ ይነግራል። ሌላው አየር አይለካም፤ የጎደለ ጎማ ከሌሎቹ ፈጥኖ ስለሚሽከረከር በኤቢኤስ ፍሬኑ ሴንሰር ዙሩን አይቶ ይጠረጥራል። ሁሉም እኩል ከጎደሉ ግን ዝም ነው።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ያስገደደችው ለቀላል መኪኖች ብቻ ነው፤ አውሮፓ አዲስ ከባድ መኪኖችን የጨመረችው በ2024 ነው። እኛ የምንጭንበት አሮጌ አይሱዙ ከየት ያመጣዋል? ለሱ የሚሆነው ቫልቩ አፍ ላይ እንደ ክዳን የሚጠብቀው ነው፤ ከመነዳሪ ላለው ጎማም ይሠራል።

ሴንሰር ገጠሙም አልገጠሙ ሙቀቱን ያስቡ። 100 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ 10 ዲግሪ ሲሞቅ 4 ያህል ይጨምራል። ቀትር ላይ ጎሚስታው «በዝቷል» ብሎ ቢያስተነፍሰው ሌሊት ጎዶሎ ሆኖ ያድራል። ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ ያስለኩ።