እስቲ ይሳሉ

«አባባ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ትናንት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው አዛውንት ሌሊቱን ሕመም ሲያገላብጣቸው ቢያድርም መልሳቸው ይኸው ነው። ቻርቱ ላይ «ደህና አድረዋል» ብሎ የሚጽፍ ነርስ አልዋሸም፤ ያወቀው ነገር ግን የለም። ነገሩ የገባት ነርስ «እስቲ ይሳሉ» ትላለች። ሆዳቸውን በእጃቸው ደግፈው ሳሉን ሲፈሩት ታያለች። አስታማሚዋ ሴት ልጃቸው ሻይ ልታመጣ እስክትወጣ ጠብቃ፣ ሽንት መጥቶላቸው እንደሆነ ትጠይቃለች፤ በልጅ ፊት አይነገርማ።

ብዙዎቻችን ይህን ፀባይ እንለዋለን። ደግ ነርስ ስትገጥመን እንመርቃለን፤ ክፉዋን አስተዳደጓን እናማለን። አሜሪካዊቷ ነርስ ሂልደጋርድ ፔፕላው ግን በ1952 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ የነርስነት ሥራ ማዕከሉ ከሕመምተኛው ጋር ያለው ግንኙነት እንደሆነ ጽፋለች። ነርሷ የሕመምተኛውን ብቻ ሳይሆን የራሷንም አኳኋን እንድታጠና ትፈልግ ነበር።

በእኛ አገር ጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ባካሄደው የአምስት ዓመት የለውጥ ዕቅድ፣ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ አድርጎት ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነው። እኔን የሚከነክነኝ ርኅራኄ በመመሪያ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ምክር ሆኖ መቅረቱ ነው። ተማሪዋ ካኑላ ማስገባትን በአሻንጉሊት ክንድ ላይ ትለማመዳለች፤ አስተማሪ አጠገቧ ቆሞ ያርማታል። «ወገኔ ይድናል ወይ?» ብሎ መተላለፊያው ላይ እጇን ለሚይዛት ቤተሰብ የምትሰጠውን መልስስ ማን ቆሞ አየላት? ሐኪሙ ያልተናገረውን ተናግራ መርዶ ነጋሪ እንዳትሆን፣ ዋሽታም እንዳታጽናና፣ ሐኪሙን አስጠርታ ቤተሰቡን ከግርግሩ ገለል አድርጋ ማስቀመጥን የምትማረው አንዱን ቤተሰብ አስቀይማ ነው።

ከሐኪም ጋር ያለው ግንኙነት ደግሞ የባሰ ነው። የታዘዘው መጠን የበዛ የመሰላት ወጣት ነርስ በራውንድ ሰዓት፣ በሰው ፊት «ተሳስተዋል» ብትል ቁጣ ይወርድባታል፤ ዝም ብትል ሕመምተኛው ይጎዳል። ነባሯ ነርስ ቻርቱን ይዛ ጠጋ ትልና «ዶክተር፣ ክብደታቸው አርባ ሁለት ኪሎ ነው፤ መጠኑን አብረን እንየው?» ትላለች። ትዕዛዙ ይስተካከላል፤ ማንም አላፈረም።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ሙሉ ዋርድ ብቻዋን ይዛ የምታድር ተረኛ ነርስ፣ የአዛውንቱ ልጅ ሻይ ልታመጣ እስክትወጣ መጠበቂያ ጊዜ የላትም፤ መርፌዋን ሰጥታ ወደሚቀጥለው አልጋ ታልፋለች። ቅሬታ ሲቀርብ የሚጠራው ግን የእሷ ስም ነው፤ ተረኛ የመደበው አይጠየቅም። በሙያው የተካኑት ነባሮቹም ዕድገት ባገኙ ቁጥር ከአልጋው ርቀው ወደ ቢሮ ይገባሉ፤ ለተለማማጅ ተማሪ ሥራውን ሠርቶ የሚያሳይ ሰው ዋርዱ ውስጥ ይሳሳል።