የቅርብ ጠበል

«የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይላል ያገራችን ሰው። ምሳሌው የተነገረው ለጠበል ይሁን እንጂ ለመንገደኛም ቢነገር ቦታውን አይስትም። ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጣ፣ ወይም በመሥሪያ ቤት ሥራ የጀመረ ወጣት ስለ ሽርሽር ሲያስብ፣ አሳቡ ፈጥኖ የሚበረው ወደ ራይንና ወደ ሞዝል ወንዞች፣ ወደ አልዛስና ወደ ቡርጎኝ የወይን ኮረብታዎች ነው። ይኸው ወጣት የአምቦን ውሃ ከምሳው ጋር እየጠጣ፣ በሠርግ ቤትም የጉደርን ወይን ጠጅ እየተጎነጨ፣ አምቦንም ጉደርንም በዓይኑ ሳያይ ዓመታት ያልፋሉ።

የባዕድ አገር ማየት ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። ለትምህርት ወይም ለሥልጠና ጀርመን አገር የደረሰ ኢትዮጵያዊ ጥቂት የዕረፍት ቀናት ቢያገኝ፣ ከጓደኞቹ ጋር አውቶሞቢል ተከራይቶ የወይኑን አገር ቢጎበኝ መልካም ነው። አንዱ የሸንገን ቪዛ ለጀርመንም ለፈረንሳይም ያገለግላልና በወረቀት በኩል ችግሩ ቀላል ነው። ችግር የሚመጣው ከዕቅዱ ነው። ብዙ ሰው ካርታ ዘርግቶ በአምስት ቀን ውስጥ ሞዝልን፣ ራይንን፣ አልዛስን፣ ሻምፓኝንና ቡርጎኝን ሁሉ አየሁ ለማለት ይነሳል። እንዲህ ያለው መንገደኛ ተመልሶ ሲጠየቅ የሚያስታውሰው የነዳጅ ማደያውንና የአውራ ጎዳናውን ምልክት ብቻ ነው።

እዚያ ያሉት ሰዎች ራሳቸው የወይን መንገዳቸውን እንዴት እንደ ሠሩት ብንመለከት ትምህርት እናገኛለን። «የጀርመን የወይን መንገድ» ተብሎ በ1935 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ጎዳና ርዝመቱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአልዛስ የወይን መንገድም 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ አምቦ ያለው መንገድ እንኳ ከመጀመሪያው ይረዝማል። ሆኖም ጎብኚው በዚያ አጭር መንገድ ላይ ሁለትና ሦስት ቀን ይቆያል፤ በየመንደሩ የሚወርድበት፣ የሚቀምስበትና የሚጠይቅበት ነገር አለውና። እንግዲህ አጭር ጉዞ የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በማረፊያው ነው። አንድ ሸለቆ መምረጥ፣ በአንድ ከተማ ሁለት ሌሊት ማደር፣ መሪ የሚይዘውም ሰው ከወይኑ እንዲርቅ አስቀድሞ መወሰን ይገባል። በሁለቱም አገሮች ለነጂ የተፈቀደው አልኮል በሺህ 0.5 ሲሆን፣ ለአዲስ ነጂ ሕጉ ከዚህም ይጠብቃል።

ከሸለቆዎቹ አንዱን ምረጡ ብንባል የምናመለክተው የአርን ሸለቆ ነው። አር ከቦን ከተማ በስተደቡብ ከራይን ጋር የሚገናኝ ትንሽ ወንዝ ነው፤ ሸለቆውም በቀይ ወይን ጠጁ የታወቀ ነው። በ1852 እ.ኤ.አ. በዚሁ አገር አንድ የወይን ባለ ርስት በወይን ማሳው ውስጥ በአጋጣሚ ምንጭ አገኘ። ውሃው ጋዝ ያለበት ሆነና አፖሊናሪስ በሚል ስም በጠርሙስ እየተሞላ ዓለምን ዞረ። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ የላኅ ሐይቅ ይገኛል፤ በዳርቻውም በ1093 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ገዳም አለ።

አንባቢ ሆይ፣ ቀይ ወይን ጠጅ፣ ጋዝ ያለው የማዕድን ውሃ፣ ገዳም ያለበት የእሳተ ገሞራ ሐይቅ፤ እነዚህ ሦስቱ ባንድ አካባቢ ተሰብስበው ሲገኙ ምን ያስታውሱሃል? ጉደርን፣ አምቦንና ወንጪን አይደለምን?

እንግዲያውስ ወደዚህኛው መንገድ እንመለስ። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወጣው ጎዳና መጀመሪያ ሆለታን ያገኛል። በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች የሚያስተምሩበት የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተው በዚህ ነበር። ቀጥሎ አዲስ ዓለም ትገኛለች። አፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ማገዶ ባጠራት ጊዜ መናገሻቸውን ወደዚህ ለማዛወር አስበው ነበር። ባሕር ዛፍ ደርሶ አዲስ አበባን ባያድናት ኖሮ፣ ዛሬ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሁሉ «አዲስ ዓለም» እያለ በተጻፈ ነበር። ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ሥፍራ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እዚያ ወርዶ አንድ ሰዓት ያልቆየ መንገደኛ ስለ ዋና ከተማው ታሪክ ግማሹን ብቻ ያውቃል። ከዚያ ጊንጪ ታልፎ አምቦ ይደረሳል።

አምቦ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። ስሙን ያሰጣት ያው ውሃዋ መሆኑን መገመት አያስቸግርም። ውሃው በጠርሙስ መሞላት የጀመረው በ1922 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከታች ከጥንቱ እሳተ ገሞራ ምድር የሚወጣው ጋዝ ከውሃው ጋር ይደባለቃል፤ አፖሊናሪስንም የሚያፈላው ይኸው ተፈጥሮ ነው። ከውሃው በቀር ከተማዋ ሌላም የምትኮራበት አላት። በ1939 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ትምህርት ቤት ዛሬ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በ1928 ዓ.ም. የተወለደው በአምቦ አጠገብ በቦዳ ነው።

ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ሲኬድ ጉደር ነው። ወንዙ ፏፏቴ ሠርቶ ይወርድና ጉዞውን ቀጥሎ ከዓባይ ይገባል። ቀዩ ወይን ጠጅ ስሙን ያገኘው ከዚህ ወንዝ ነው። ነገር ግን እንደ አር ሸለቆ ጓዳውን ከፍቶ የሚያስቀምስ የወይን ገበሬ እዚህ ይጠብቀኛል ብሎ የሚሄድ ሰው ያዝናል፤ የጉደር ስም ያለበት ጠርሙስ የሚመጣው አዲስ አበባ ካለው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ነውና።

በዚህ ላይ ወጣቱ ባለሥልጣን ቆም ብሎ ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ አለ። ፈረንሳዮች በ1935 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ፣ የተከለለ የአገር ስም በጠርሙስ ላይ የሚጻፈው ወይኑ ከዚያው አገር የበቀለ እንደ ሆነ ብቻ ነው ብለው ደነገጉ። ስለዚህ ስሙ በታወቀ ቁጥር ገበሬው፣ የሆቴሉ ባለቤትና የመንደሩ ልጅ ይጠቀማሉ፤ ጎብኚውም ስሙን ተከትሎ ይመጣል። እኛም የስምን ዋጋ አናውቅም አይባልም። የሐረር፣ የሲዳሞና የይርጋ ጨፌ ቡና ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት እንዲከበሩ ኢትዮጵያ ከ1998 ዓ.ም. ገደማ ጀምራ ተከራክራለች። የጉደር ስም ግን ብቻውን አገር ለአገር ሲዞር፣ ስሙን የሰጠው ወንዝ ጠያቂ አጥቶ ይፈሳል።

የጉዞው መጨረሻ ወንጪ ይሁን። ከአምቦ ወደ ወሊሶ የሚያቋርጠው መንገድ ወደ ተራራው ያወጣል፤ የተራራው አፋፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከታች ሐይቁ፣ በሐይቁም ደሴት ላይ የቂርቆስ ገዳም ይታያል። ወንጪ በ2014 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ተመርጣለች። ከዚያ በወሊሶ በኩል ወደ አዲስ አበባ ቢመለሱ፣ መንገዱ ክብ ይሆንና አንድም ሥፍራ ሁለት ጊዜ ሳይታይ ይጠናቀቃል፤ ከአምቦ እስከ ጉደር ካለችው አጭር መንገድ በቀር። ርቀቱ ሁሉ ተደምሮ ከ300 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ሁለት ሌሊት በአምቦ ማደር ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ሳይባል አይታለፍም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ምዕራብ ሸዋ የትጥቅ ግጭት ካገኛቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ቀን ከመቁረጥ በፊት የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ካሉ ዘመዶችና ከአካባቢው አስተዳደር መጠየቅ፣ ጥርጥር ካለ ጉዞውን ማስተላለፍ፣ በሌሊትም አለመንዳት የዕቅዱ የመጀመሪያ መስመር ነው። የአር ሸለቆ መንገደኛ የሚጨነቀው ለወይኑ ዓይነት ነው፤ የእኛው መንገደኛ የሚጠይቀው ስለ ሰላም ነው። የጉደር ሰው ከመንገደኛው ይልቅ ይህን ሰላም ይፈልጋል፤ እርሱ በየቀኑ እዚያው ያድራልና።

መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ፣ የመስቀል በዓል ካለፈ በኋላ ጭቃው ሲደርቅና ጤፉ ሜዳውን ሲያለብሰው መነሳት ይሻላል። ስንቅ ከአዲስ አበባ ጭኖ ከመሄድ ምሳውን በአዲስ ዓለም፣ እራቱን በአምቦ መብላት፣ ፈረሱንም በወንጪ ከባላገሩ መከራየት ይገባል። በኦሮምኛ ሰላምታ መስጠት የሚችል ሰው ደግሞ ከማንኛውም ካርታ የተሻለ መሪ ይዟል። ራይንንና ሞዝልን ለማየት ዕድል የገጠመው ወጣትም እዚያ ደርሶ «ያገርህ ወይን ጠጅ ከየት ይመጣል?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከጠርሙሱ ላይ ያነበበውን ብቻ ሳይሆን በዓይኑ ያየውን ወንዝ ሊናገር ይችላል።