ዶሮና አትክልት በአንድ ጥቅል፦ ከጓሮ ወደ ማዕድ

በበርካታ የገጠር ቤቶች ዶሮ የሚታረደው ለዓመት በዓል አለዚያም ለክብር እንግዳ ነው። ዶሮ ወጥ 12 ብልት ማውጣትን፣ ብዙ ሽንኩርት ማቁላላትን፣ ረጅም ሰዓት ምድጃ ዳር መዋልን ይጠይቃል። በአዘቦት ቀን ግን የጓሮው ዶሮና ካሮት ወደ ገበያ ይወጣል፤ የቤቱ ሕፃናት ድርሻ ያንሳል።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የአምራቹንም ማዕድ እንዲሞላ ከተፈለገ ቀላል የአበሳሰል ዘዴ ያግዛል።

አንዱ በፎይል ጠቅልሎ ማብሰል ነው። አጥንቱ የወጣ የዶሮ ሥጋ በትንንሹ ይቆረጣል። ድንችና ካሮት በስሱ ይከተፋሉ፤ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ጨው ይጨመራል። ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ መጨመሩ ሰውነት ከካሮቱ ቫይታሚን ኤ እንዲያገኝ ይረዳል። ድብልቁ በድርብ ፎይል እንፋሎት እንዳያስወጣ ተጠቅልሎ፣ ነበልባል በሌለው ፍም ላይ እየተገላበጠ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይቆያል። ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል ለሚጋግር ቤት ዘዴው እንግዳ አይደለም።

ጥንቃቄም ያሻል። የሥጋው መሀል ከቀላ ወደ እሳት ይመለስ። ጥሬ ሥጋ የነካ ቢላና መክተፊያ ሳይታጠብ አትክልት አይከተፍበት። ሎሚና ቲማቲም ከፎይሉ አሉሚኒየም ወደ ምግቡ እንዲገባ ስለሚያደርጉ አብረው ባይጠቀለሉ ይመረጣል።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት ስለ ዶሮ እርባታና አትክልት ልማት ሲያሠለጥኑ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ሆነው አበሳሰሉንም በተግባር ቢያሳዩ ምርቱ ከገበያ አልፎ ለልጆች ይደርሳል።