የጣፊያ ደም ስሮች በሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አይደሉም



በዚህ ዕትም የጤና ዓምዳችን ብዙም ስለማይወራለት የሰውነት ክፍል፣ ስለ ጣፊያ፣ በተለይም ደም ስለሚያደርሱለት ቧንቧዎች እንነጋገራለን። አብዛኞቻችን ጣፊያን የምናውቀው በዒደል አድሓ በጉ ሲበለት ነው፤ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ለስላሳና ደም የሞላበት ነው። የሰውም ጣፊያ እንዲሁ ነው። በግራ በኩል ከ9ኛው እስከ 11ኛው ባሉት የጎድን አጥንቶች ስር የሚገኝ ሲሆን በጤናማ አዋቂ ሰው 150 ግራም ገደማ ይመዝናል። ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያጣራል፤ ወደ ደም የገቡ ባክቴሪያዎችንም ይይዛል።

በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው ሥዕል የሚከተለውን ያሳየናል። ትልቁ ደም ቅዳ አኦርታ ሆድ ውስጥ ሲደርስ ሲሊያክ የሚባል አጭር ግንድ ያወጣል። ግንዱ በሦስት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጨጓራ፣ ሌላው ወደ ጉበት፣ ከሦስቱ ትልቁ ደግሞ ወደ ጣፊያ ይሄዳል። ይህ ቧንቧ በቆሽት የላይኛው ጠርዝ እየተጠማዘዘ ወደ ግራ ይጓዝና ጣፊያው አጠገብ ሲደርስ ቅርንጫፍ ያወጣል።

ነገር ግን ሥዕሉ ከብዙ መልኮች አንዱ ብቻ ነው። ሚሸልስ የተባሉ የአናቶሚ ተመራማሪ በ1942 እ.ኤ.አ. የ100 አስከሬኖችን ጥናት ሲያወጡ ሁለት ዋና ዋና መልኮችን ለይተዋል። በ70 በመቶው ግንዱ ቀደም ብሎ ይበተንና ብዙ ረዣዥም ቅርንጫፎች በሰፊው ተዘርግተው ወደ ጣፊያው ይገባሉ። በቀሪው 30 በመቶ ግን ግንዱ ሳይከፈል ጣፊያው ድረስ ይዘልቅና በጥቂት ወፍራምና አጫጭር ቅርንጫፎች በጠባብ ቦታ ይገባል። በአንዳንድ ሰዎች ደግሞ ቧንቧው ከሲሊያክ ግንድ ሳይሆን በቀጥታ ከአኦርታ፣ ወይም ለአንጀት ደም ከሚያደርሰው ደም ቅዳ ጋር በጋራ ይነሳል።

ይህ ልዩነት ለፈተና ብቻ የሚጠና አይደለም። በጣፊያው ውስጥ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በአብዛኛው የራሱን ክፍል ብቻ ይመግባል። ስለዚህ በአደጋ የተሰነጠቀ ጣፊያ ሲያጋጥም ሐኪሙ የተጎዳውን ክፍል ቧንቧ ብቻ አስሮ፣ ደም የተቋረጠበት ቦታ ሲጠቁር ድንበሩን ለይቶ፣ የቀረውን ማዳን የሚችልበት ጊዜ አለ። በአንዳንድ ሰዎች ግን ወደ ላይኛው ጫፍ የሚሄድ ቅርንጫፍ ከግንዱ ቀድሞ ይወጣል። ይህን ያላሰበ ሐኪም በጣፊያው በር ያሉትን ቧንቧዎች ሁሉ አስሮ እንኳ ደሙ ከላይ መፍሰሱን ሊቀጥል ይችላል። ይኸው ቅርንጫፍ ለሚያውቀው ሐኪም ደግሞ የላይኛውን ክፍል በሕይወት ማቆያ ነው። ከጨጓራ በኩል የሚመጡ ትናንሽ ደም ስሮችም አሉ፤ ዋናው ግንድ ቢዘጋ እንኳ ጣፊያውን ሊመግቡት ይችላሉ።

ጣፊያን ለማትረፍ ይህን ያህል መድከም ለምን ያስፈልጋል? ቀደም ባሉት ዘመናት ብዙ ሐኪሞች ሰው ያለ ጣፊያ ያለ ችግር እንደሚኖር ያስቡ ነበር። በ1952 እ.ኤ.አ. ኪንግና ሹማከር የተባሉ ሐኪሞች ጣፊያቸው የወጣላቸው 5 ሕፃናት በከባድ ኢንፌክሽን መያዛቸውን ከገለጹ በኋላ አመለካከቱ እየተለወጠ መጣ። ጣፊያ የሌለው ሰው እንደ ኒሞኮከስ ባሉ ባክቴሪያዎች ከተያዘ በሰዓታት ውስጥ ለሕይወት አስጊ ሁኔታ ላይ ሊደርስ ይችላል።

እንግዲህ የሕክምና ተማሪ የሆናችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ በአናቶሚ ክፍል ያያችሁት ከመጽሐፉ ሲለይ "ይህ ስህተት ነው" ብላችሁ አትለፉት። መዝግቡት፤ በሌላው ጠረጴዛ ካለው ጋርም አስተያዩት። ነገ የምታክሙት ሰው እንዲህ ዓይነቱ ሊሆን ይችላል።

ሌሎቻችን ደግሞ ሁለት ነገር እንያዝ። በኳስ ሜዳም ሆነ በመኪና አደጋ በግራ ጎኑ የተመታ ሰው የሆድ ሕመም፣ የግራ ትከሻ ሕመም ወይም ማዞር ከተሰማው፣ ከውጭ ቁስል ባይታይበትም ፈጥነን ሆስፒታል እናድርሰው። ጣፊያው የወጣለት ጓደኛ ካለን ክትባቱን እንዲያሟላ እናስታውሰው፤ ትኩሳት ሲይዘውም "ነገ ይሻለዋል" ብለን አናሳድረው።

አላህ ጤናውን ይስጠን።