የማይከፈቱ የትርጉም ፕሮጀክት ፋይሎችና መልሶ የማግኛ ስልታቸው፦ ከአርቦሬ ቋንቋ አንጻር

አርቦሬ በደቡብ ኦሞ ዞን፣ ከጨው ባሕር በስተሰሜን በወይጦ ወንዝ የታችኛው ተፋሰስ ማሽላና በቆሎ እያመረተ ከብት የሚያረባ ሕዝብ ሲሆን፣ ቋንቋው ከኩሽ ቤተሰብ የሚመደብና ከዳሰነች ቋንቋ እንዲሁም በኬንያ በቱርካና ሐይቅ ዳር ይነገር ከነበረው ከኤልሞሎ ጋር በቅርብ የሚዛመድ ነው። የኤልሞሎ ተናጋሪዎች የሳምቡሩን ቋንቋ አፍ መፍቻቸው ስላደረጉ፣ ዛሬ ስለ ቋንቋቸው ለማወቅ የሚቻለው አስቀድሞ የተመዘገበው ብቻ ነው። የአርቦሬ ቋንቋ ግን አሁንም በመንደሮቹ የሚነገር ሕያው ቋንቋ ነው፤ የቋንቋ ተመራማሪው ሪቻርድ ሄይዋርድም እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ሰዋስውና ቃላቱ ሰፊ የጥናት መጽሐፍ አሳትመዋል። ጥቂት ጽሑፍ ወዳለው እንዲህ ያለ ቋንቋ በሚተረጎምበትና መዝገበ ቃላቱ በሚዘጋጅበት ጊዜ፣ የብዙ ዓመታት ድካም በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ባሉ ጥቂት ፋይሎች ሊጠቃለል ስለሚችል፣ ፋይሎቹ አልከፈት ሲሉ ምን እንደሚደረግ ማወቅ የሙያው አካል ነው።

የትርጉም ፕሮጀክት የሚባለው በአንድ ሰነድ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ምንጩን ጽሑፍ፣ ትርጉሙን፣ የቃላት ዝርዝሩን፣ የሥራውን ቅንብርና የለውጦቹን ታሪክ የያዙ ፋይሎች በአንድ ፎልደር ተሰባስበው የሚገኙበት ስብስብ ሲሆን፣ ሶፍትዌሩ ፕሮጀክቱን የሚያውቀው እነዚህ ሁሉ በየስማቸውና በየቦታቸው ሲገኙ ነው። በመሆኑም «ፕሮጀክቱ አልተከፈተም» የሚል መልእክት ትርጉሙ ጠፍቷል ማለት ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የጎደለው ትንሽ የቅንብር ፋይል ብቻ ሲሆን፣ ጽሑፉ ግን በነበረበት ይገኛል።

በአነስተኛ ቋንቋዎች ሥራ ላይ በስፋት ከሚታወቁት ሶፍትዌሮች መካከል ኤስአይኤል የተባለው ድርጅት ለመዝገበ ቃላትና ለሰዋስው ጥናት ያዘጋጀው ፊልድዎርክስ፣ ይኸው ድርጅት ከተባበሩት የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበራት ጋር ለመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ያዘጋጀው ፓራቴክስት፣ እንዲሁም ኪት ጎድፍሬይ እ.ኤ.አ. በ2000 መሥራት የጀመሩትና በነፃ የሚታደለው ኦሜጋቲ ይገኛሉ። ሦስቱ መረጃን የሚያስቀምጡበት መንገድ ስለሚለያይ የመልሶ ማግኛ ስልታቸውም ይለያያል።

ፊልድዎርክስ መላውን መዝገበ ቃላት የሚይዘው በአንድ የኤክስኤምኤል ፋይል፣ ማለትም እያንዳንዱን መረጃ በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክቶች መካከል በሚያስቀምጥ ተራ ጽሑፍ ነው። ይህ አደረጃጀት መረጃውን ለማሸጋገር ቢያመችም፣ በሚጻፍበት ቅጽበት መብራት ቢጠፋና የመጨረሻዎቹ መዝጊያ ምልክቶች ሳይጻፉ ቢቀሩ፣ ሶፍትዌሩ ሺህ ቃላት የያዘውን ፋይል በሙሉ ላይቀበለው ይችላል። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚፈለገው በዚያው ፎልደር ውስጥ በፕሮጀክቱ ስም፣ ነገር ግን «ባክ» በሚል ቅጥያ የተቀመጠው የቀድሞ ቅጂ ነው። ይህን ቅጂ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጦ ቅጥያውን ወደ ዋናው ፋይል ቅጥያ መለወጥ ከመጨረሻው ማስቀመጥ በፊት የነበረውን ሥራ ሊመልስ ይችላል። ተጠቃሚው ራሱ በትእዛዝ የፈጠረው መጠባበቂያ ካለ ደግሞ፣ ይህ የታመቀ ፋይል ስለሆነ በአዲስ የፕሮጀክት ስም ሊመለስ ይገባል፤ እንዲህ ከሆነ የተበላሸውና የተመለሰው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ፋይሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ፕሮጀክቱ በሌላ ሰው እጅ እንዳለ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ምክንያቱ ሶፍትዌሩ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ እንዳይጽፉበት የሚፈጥረው የመቆለፊያ ፋይል፣ ኮምፒውተሩ በድንገት ሲጠፋ ሳይሰረዝ መቅረቱ ነው። ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሥቶ ሌላ ሰው በፕሮጀክቱ ላይ እንደማይሠራ ካረጋገጡ በኋላ የመቆለፊያውን ፋይል ብቻ ማንሣት ይበቃል። በአዲስ የሶፍትዌር ዕትም የተከፈተ ፕሮጀክትም ውስጣዊ አደረጃጀቱ ስለሚሻሻል በአሮጌው ዕትም ላይከፈት ይችላል፤ መፍትሔው ፋይሉን መነካካት ሳይሆን የቡድኑ አባላት ሁሉ አንድ ዓይነት ዕትም እንዲጠቀሙ ማድረግ ነው።

ፓራቴክስት በአንጻሩ እያንዳንዱን የመጽሐፍ ክፍል በተለየ ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሚያስቀምጥ፣ አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ አይነኩም፤ የምዕራፍና የቁጥር ምልክቶቹም በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ሊነበቡ ይችላሉ። ከዚህም በላይ የቡድን አባላት ሥራቸውን «ላክና ተቀበል» በሚለው ትእዛዝ ሲለዋወጡ የለውጦቹ ታሪክ አብሮ ስለሚጓዝ፣ የአንዱ ኮምፒውተር ቢሰበር የሌላው አባል ቅጂ ፕሮጀክቱን መልሶ ለማቋቋም ያገለግላል። ልውውጡ ያለ ኢንተርኔት በፍላሽ ሊከናወን መቻሉ ከከተማ ርቀው ለሚሠሩ የአርቦሬ ዓይነት ማኅበረሰቦች ትልቅ ጥቅም አለው። ሆኖም የፕሮጀክቱ የአስተዳዳሪነት መብት በአንድ ሰው ብቻ ከተያዘ፣ ያ ሰው ሥራውን ሲለቅ ፋይሉ ደኅና ሆኖም ቡድኑ መግባት ሊቸገር ስለሚችል፣ ቢያንስ ሁለት አስተዳዳሪዎች መሰየም አለባቸው።

ኦሜጋቲ የተተረጎሙ ዐረፍተ ነገሮችን ከነምንጫቸው የሚያኖረው የትርጉም ትውስታ በሚባል ፋይል ሲሆን፣ በሥራ ሂደት የዚህን ፋይል 10 የቅርብ ቅጂዎች ቀንና ሰዓት በያዘ ስም ይጠብቃል። ዋናው ሲበላሽ ሶፍትዌሩን ዘግቶ ከቅጂዎቹ መካከል ትክክለኛውን በዋናው ስም መተካት ትርጉሙን ይመልሳል።

ከእነዚህ የተለየው ችግር ፋይሉ ተከፍቶ ፊደሉ የማይነበብበት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ የፊደል ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተጻፉ ሰነዶች በየፎንቱ የተለያየ ኮድ ይጠቀሙ ነበር፤ ፎንቱ ሲታጣም ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆናል። ለባስኬቶና ለጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት ደግሞ የተካተቱት እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ በእጅ እንደገና መጻፍ የለበትም፤ የአሮጌውን ፎንት ኮድ ከዩኒኮድ ጋር የሚያዛምድ ሠንጠረዥ ተዘጋጅቶ በመለወጫ ፕሮግራም ሊተላለፍ ይችላል።

በሁሉም ሶፍትዌር የሚሠራው የመጀመሪያ ሕግ ችግር እንደታየ ሥራውን ማቆምና ከማናቸውም ሙከራ በፊት መላውን ፎልደር ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው፤ ምክንያቱም ደጋግሞ መክፈትና ማስቀመጥ ጤነኛውን ቅጂ በተበላሸው ሊተካው ይችላል። ሙከራው ሁሉ የሚደረገው በቅጂው ላይ ነው። ፋይሉ በስሕተት ተሰርዞ ከሆነም በዚያ ዲስክ ላይ አዲስ ነገር መጻፍ አይገባም፤ በተለይ በአዳዲሶቹ ኤስኤስዲ ዲስኮች ላይ ኮምፒውተሩ የተሰረዘውን ቦታ ፈጥኖ ስለሚያጸዳው መልሶ የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ድምዳሜ፣ መልሶ የማግኘት ዕድል በአብዛኛው የሚወሰነው ፋይሉ ከመበላሸቱ በፊት በተደረገው ዝግጅት መሆኑ ነው። በሙያው ተቀባይነት ያለው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም በሌላ ቦታ እንዲኖር ያዛል። ለአርቦሬ ይህ ማለት አንዱ ቅጂ ሥራው በሚካሄድበት ሥፍራ፣ ሁለተኛው በጂንካ፣ ሦስተኛው በአዲስ አበባ ወይም በአስተማማኝ ሰርቨር ላይ ይቀመጥ ማለት ነው። ጂንካ ውስጥ ዩኒቨርሲቲና የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከል ስላሉ፣ ለአካባቢው ቋንቋዎች ፋይሎች ተፈጥሯዊ የአደራ ማስቀመጫ ሊሆኑ ይችላሉ። የቋንቋ ሥራ የሚደግፉ ተቋማትም በእያንዳንዱ ውል ውስጥ ቅጂ የሚያስቀምጠውን ሰው፣ ቦታውንና ቅጂው በትክክል መከፈቱ የሚፈተሽበትን ጊዜ ሊጽፉ ይገባል፤ አንድ አዛውንት የሰጡት ቃል ከእርሳቸው በኋላ ከፋይሉ በቀር ሌላ ምንጭ ላይኖረው ይችላልና።