ከመጫን በፊት ማደስ
እ.ኤ.አ. በ2015 የመጀመሪያው የተረጋጋ እትሙ የወጣው ረስት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በየስድስት ሳምንቱ አዲስ እትም ስለሚያወጣ፣ በዚህ ቋንቋ የተጻፈና በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ የሚሠራ መሣሪያ መጫን የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የቋንቋውን የሥራ ዕቃዎች ማደስ ይኖርበታል። ካርጎ የተባለው የቋንቋው ጫኝ በመደበኛ አሠራሩ ያለቀለት ፕሮግራም ከማውረድ ይልቅ ምንጭ ኮዱን አምጥቶ በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ላይ በኮምፓይለር፣ ማለትም ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ በሚለውጠው ፕሮግራም፣ ስለሚያስገነባው፣ ያረጀ ኮምፓይለር አዲሱን አጻጻፍ ሊረዳው አይችልም፤ ለምሳሌ በቋንቋው የ2024 ደንብ የተጻፈ መሣሪያ ቢያንስ እትም 1.85ን ይጠይቃል። እድሳቱ የሚከናወነው «ረስታፕ አፕዴት» በሚለው ትእዛዝ ነው። በኬንያዋ ሞያሌ፣ በኦዳ፣ በስልክ ዳታ ለሚሠራ ሰው ግን ሰነዶቹን ትቶ ኮምፓይለሩን፣ መደበኛውን ቤተ መጻሕፍትና ካርጎን ብቻ የሚያወርደውን አነስተኛ አማራጭ ከመጀመሪያው መምረጥ እጅግ ይበጃል።